እረኛው ምን አለ? ስለ ሕዝብ ግንኙነት ሥራና ስለ ጀማሪዎቹ

የሕዝብ ግንኙነት ሥራ ለመጀመር የሚመጣ ወጣት ብዙውን ጊዜ ሦስት ነገር ይዞ ይመጣል፦ ዲግሪ፣ ጥሩ ካሜራ ያለው ስልክና «ከሰው ጋር መግባባት አያቅተኝም» የሚል እምነት። ዲግሪው ከጋዜጠኝነትና ኮሙኒኬሽን ወይም ከቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ትምህርት ክፍል ነው። ማስታወቂያውን ያየው ቴሌግራም ወይም ሪፖርተር ጋዜጣ ላይ ነው። ፈተናውን አልፎ፣ የቅጥር ደብዳቤውን ተቀብሎ ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ የሚጠብቀው ሥራ ግን ይህ ነው፦ አለቃው ስብሰባ ሲገቡ ፎቶ ማንሳት፣ እዚያ የተናገሩትን መጻፍ፣ ማታ ፌስቡክ ላይ መለጠፍ። በዓል ሲደርስ ደግሞ የአለቃው ፎቶ ያለበት «እንኳን አደረሳችሁ» ማሠራት።

ለመጀመሪያው ወር ይህ ነውር የለውም። ሙያ ሁሉ ከታች ነው የሚጀመረው። ነገሩ የሚከፋው ከሁለት ዓመት በኋላም ሥራው ይኸው ሆኖ ሲገኝ ነው። የሥራ ልምድ ወረቀቱ «ሁለት ዓመት» ይላል፤ በእጁ ያለው ሙያ ግን የአንድ ሳምንት ነው። ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ልሂድ ቢል ይዞት የሚሄደው የሌላ ሰው ፎቶ ነው። አለቃው ከወንበራቸው ሲነሱ ደግሞ «የእሳቸው ሰው» ተብሎ ጥግ ይይዛል።

ወጣቱ ሰነፍ ሆኖ አይደለም እዚህ የሚደርሰው። የሥራውን ግማሽ ብቻ ስላሳዩት ነው።

ይህች አገር የሥራውን ሁለቱንም ግማሽ ከድሮ ጀምሮ ታውቃቸዋለች። አንደኛው የአዋጅ ነጋሪው ሥራ ነው። ነጋሪት ይጎሰማል፣ ሕዝብ ይሰበሰባል፣ ከላይ የመጣው ቃል ወደ ታች ይነገራል። ሁለተኛው ብዙ ድምፅ የለውም። የጥንት ነገሥታት «እረኛ ምን አለ?» እያሉ ያስጠይቁ ነበር ይባላል። እረኛ ሹመት አይፈልግም፣ የሚቀርበት ደጅ የለውም፤ ቤት ውስጥ ሲነገር የሰማውን ሜዳ ላይ በዜማ ያወጣዋል። ብልህ ንጉሥ ከመኳንንቱ ምስጋና ይልቅ የእረኛውን እንጉርጉሮ ማወቅ ይሻለው ነበር፤ ምስጋናው እንቅልፍ ያስወስዳል፣ እንጉርጉሮው ግን የሚመጣውን ይናገራል።

ሕዝብ ግንኙነት የሁለቱ ድምር ነው። ከተቋሙ ወደ ሕዝብ ይናገራል፤ ከሕዝብ ወደ ተቋሙም ያደርሳል። ዛሬ ጀማሪው በአብዛኛው የሚቀጠረው ለአዋጅ ነጋሪነት ነው። ሙያተኛ የሚያደርገው ግን «እረኛው ምን አለ?» ብሎ መጠየቅና ያገኘውን መልስ፣ መልሱ መራራ ቢሆንም፣ አለቃው ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ ነው። ይህን ያልተማረ ሰው ካሜራው የቱንም ያህል ቢጠራ ሥራውን ገና አልጀመረም።

ይህ ለምን እንዲህ እንደሚከብድ ሁለት ምሳሌዎች ያሳያሉ።

የመጀመሪያው የባንክ ነው። መጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ላይ በደረሰ ችግር ደንበኞች ሂሳባቸው ውስጥ የሌለ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ወሬው በስልክና በመልእክት መተግበሪያዎች ከዩኒቨርሲቲ ወደ ዩኒቨርሲቲ ሲዛመት ሰዓታት አልፈጀበትም፤ ተማሪዎች ግቢያቸው ውስጥ ባለው ኤቲኤም ፊት ተሰለፉ። ባንኩ በዚያው ቅዳሜ ያወጣው የመጀመሪያ መግለጫ የተቋረጠውን አገልግሎት የሚያብራራ ነበር፤ የወጣውን ገንዘብ አላነሳም። የባንኩ ፕሬዚዳንት ወጥተው የሳይበር ጥቃት እንዳልሆነና የደንበኞች ሂሳብ ደኅና እንደሆነ ያስረዱት ከዚያ በኋላ ነው።

አንድ ባንክ በእንዲያ ያለ ሌሊት ሁሉንም ነገር ወዲያው መናገር አይችልም፤ ማጣራት አለበት። ቢሆንም ተማሪው ሁሉ የሚያወራውን ነገር ሳያነሳ የሚያልፍ መግለጫ የአዋጁን በጆሮ ይሆናል። ሰሚው «የማውቀውን ካልነገሩኝ የማላውቀውንም ደብቀውኛል» ይላል። ከዚያ በኋላ እውነቱ ሲነገረውም ግማሽ ልቡ ብቻ ነው የሚሰማው።

ለጀማሪው ደግሞ ሌላ ትምህርት አለው። በዚያ ሌሊት ነገሩን ቀድሞ ያወቀው ዶርም ውስጥ ያለ ተማሪ ነው። በብዙ መሥሪያ ቤት ከተማሪው በዕድሜ ብዙ የማይርቀው፣ ተማሪው ያለበት ግሩፕ ውስጥ ያለው፣ ታናሽ ወንድሙ ወይም የአክስቱ ልጅ የሚደውልለት ሰው ቢኖር አዲስ የተቀጠረው የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ ነው። ለእረኛው ከሁሉም የሚቀርበው እሱ ነው። ልምድ የለኝም ብሎ የሚሸማቀቅ ጀማሪ ዋናው ሀብቱ ይህ መሆኑን አያውቅም።

ሁለተኛው ምሳሌ ከባድ ነው፤ ሰው ያለቀበት ነው። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቦሌ ወደ ናይሮቢ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 302 ከስድስት ደቂቃ በኋላ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ተከሰከሰ። 157 ሰዎች ሞቱ። አየር መንገዱ በዚያው ቀን ተራ ቁጥር የተሰጣቸው አጫጭር መግለጫዎችን ማውጣት ጀመረ። የወቅቱ ዋና ሥራ አስፈጻሚ አቶ ተወልደ ገብረማርያም አደጋው ቦታ ላይ፣ ከስብርባሪው መካከል ቆመው የሚያሳይ ፎቶም በዚያው ቀን ወጣ። በማግሥቱ አየር መንገዱ ተመሳሳይ አውሮፕላኖቹን ከበረራ ማገዱን አሳወቀ። እዚህ ላይ ፎቶ ማንሳትም የሕዝብ ግንኙነት ሥራ መሆኑ አይካድም። ያ ፎቶ ግን አለቃን ለማሳመር የተነሣ አልነበረም፤ «ኃላፊው ሐዘኑ ያለበት ቦታ ናቸው» የሚል መልእክት ነበረው።

የአውሮፕላኑ አምራች ቦይንግ በበኩሉ ከዚህ እጅግ የሚበልጥ ገንዘብና አቅም ያለው ኩባንያ ነው። አምስት ወር ሳይሞላው፣ ጥቅምት 19 ቀን 2011 ዓ.ም. ተመሳሳይ የሆነው የኢንዶኔዥያው ላየን ኤር አውሮፕላን ተከስክሶ 189 ሰዎች ሞተው ነበር። ኩባንያው ከቢሾፍቱው አደጋ በኋላም በአውሮፕላኑ ደኅንነት ሙሉ እምነት እንዳለው ይናገር ነበር። መጋቢት 26 ቀን የኢትዮጵያ የመጀመሪያ ደረጃ ሪፖርት ሲወጣ ነው የኩባንያው ዋና ሥራ አስፈጻሚ በሁለቱም አደጋዎች ኤምካስ የተባለው የበረራ መቆጣጠሪያ በተሳሳተ መረጃ መሥራት መጀመሩን በይፋ የተቀበሉት። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ ለአሜሪካ ኮንግረስ የተሰጡ የውስጥ መልእክቶች የኩባንያው ሠራተኞች ከአደጋዎቹ በፊት በአውሮፕላኑ አሠራር እርስ በርሳቸው ሲሳለቁ እንደነበር አሳዩ። ኩባንያው በ2013 ዓ.ም. የቀረበበትን የማጭበርበር ክስ ለመቋጨት ከ2.5 ቢሊዮን ዶላር በላይ ለመክፈል ከአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ጋር ተስማማ።

እረኛው እዚያም ተናግሮ ነበር። ቤቱ ውስጥ ተቀምጦ፣ በጽሑፍ፣ ለባልደረባው ተናግሮ ነበር። የተናገረው ግን የሚወስን ሰው ጠረጴዛ ላይ ደርሶ ነገሩን አልለወጠም። ውስጥ ያልታረመ ነገር ውጭ በጥሩ ቃል አይታረምም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ እስኪጠራ ድረስ ግን ሰው ያልቃል፣ ስም ይጠፋል፣ ገንዘብ ይባክናል።

በኢትዮጵያ ይህን በር ክፍት የማድረግ ሥራ ሕጉም ያውቀዋል። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590 በመንግሥት መሥሪያ ቤት የመረጃ ጥያቄ የመቀበልና የመመለስ ኃላፊነትን የሰጠው ለሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው ነው። ጥያቄው በ30 ቀን ውስጥ መልስ ማግኘት አለበት። መረጃው ከተከለከለም ምክንያቱ ይነገራል፤ ቅር የተሰኘው ሰው አቤቱታውን እስከ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ሊያደርስ ይችላል። ከበላይ ደግሞ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ በሆነ መንገድ መከናወን እንዳለበት ይደነግጋል። ጀማሪው ይህን አዋጅ በመጀመሪያው ሳምንት ቢያነበው ሁለት ነገር ያገኛል። ሥራው የአለቃው ቸርነት ሳይሆን የሕግ አደራ መሆኑን ያውቃል፤ «ይህን መረጃ ለምን ሰጠህ?» ሲባልም የሚያሳየው አንቀጽ ይኖረዋል።

እንግዲህ በተግባር ከየት ይጀመር?

መጀመሪያ፣ በየጠዋቱ አንድ ገጽ። ሦስት ጥያቄ ይበቃል፦ ትናንት ስለ መሥሪያ ቤቱ ምን ተባለ? የተባለው እውነት ነው? ምን ይደረግ? መልሱን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። መረጃ ዴስክ ላይ የተቀመጠችው ልጅ በቀን ሃያ ጊዜ የምትመልሰውን ጥያቄ ታውቀዋለች። የፌስቡክ ገጹ ላይ ከአለቃው ፎቶ ሥር የተጻፈው አስተያየት ከፎቶው በላይ መነበብ አለበት። የአስተያየት መስጫ ሳጥኑ ቁልፍ ማን ጋ እንዳለ መጠየቅ ራሱ ትምህርት ነው፤ አንዳንዴ ማንም አያውቅም። በር ላይ ያሉት ጥበቃ ደግሞ ማን ተናዶ እንደወጣ ያያሉ።

«ጋሼ፣ ዛሬ ሰልፉ በዝቷል፤ ምን ተፈጥሮ ነው?»

«ሲስተም የለም እየተባሉ ነዋ፣ ልጄ። እኒያ እናትማ ሲመላለሱ ይኸው ሦስተኛ ቀናቸው።»

ይህ የሁለት ደቂቃ ወሬ ከግማሽ ቀን ስብሰባ ቃለ ጉባኤ የበለጠ ዋጋ አለው። የዛሬ ሦስት ቀን ቁጣ የነገ ሳምንት ዜና ነው።

ሁለተኛ፣ የመሥሪያ ቤቱን ሥራ መማር። የውሃ መሥሪያ ቤት የተቀጠረ ሰው መስመር ሲሰበር እንዴት እንደሚጠገን፣ ባንክ የገባ ሰው ገንዘብ ከአንድ ሂሳብ ወደ ሌላው እንዴት እንደሚሻገር ካላወቀ ለጋዜጠኛ የሚሰጠው ቃል ሁሉ የተበደረው ቃል ነው። ከመሐንዲሱ ጋር አንድ ቀን መስክ መውጣት፣ ከገንዘብ ተቀባይዋ አጠገብ አንድ ጠዋት መቀመጥ የትኛውም ሥልጠና የማይሰጠውን ይሰጣል። ችግር በመጣ ቀን እነዚያ ሰዎች ስልኩን የሚያነሱለትም ስለሚያውቁት ነው።

ሦስተኛ፣ ጽሑፍ። «ተቋሙ ተገልጋዮችን ለማርካት በትኩረት እየሠራ መሆኑን ኃላፊው ገለጹ» የሚለው ዓረፍተ ነገር በስንት መሥሪያ ቤት ገጽ ላይ እንዳለ ቆጥሮ የሚጨርሰው የለም። አመርቂ ውጤት፣ የተቀመጠ አቅጣጫ፣ ከመቼውም ጊዜ በላይ፣ በልዩ ትኩረት፤ እነዚህ ቃላት ጽሑፉን ያረዝሙታል እንጂ ሦስት ቀን ለተመላለሱት እናት አንድም ነገር አይነግሯቸውም። «ከሰኞ ጀምሮ የክፍያ መስኮቶች ከሁለት ወደ አምስት ያድጋሉ፤ ቅዳሜም እስከ 6 ሰዓት ክፍት ናቸው» የሚለው ግን ይነግራቸዋል። ጀማሪው የጻፈውን ከመለጠፉ በፊት ጮክ ብሎ ለጥበቃው ያንብበው። «እና ምን እያልክ ነው?» ካሉት ጽሑፉ አልበሰለም።

አራተኛ፣ ከጋዜጠኛ ጋር ያለው ቃል። «ስብሰባ ላይ ናቸው» የሚለው መልስ በዚህ አገር ከተሰለቹ መልሶች አንዱ ነው። «አሁን አላውቅም፤ አጣርቼ 9 ሰዓት ላይ እደውልልሃለሁ» ብሎ በእርግጥ 9 ሰዓት ላይ መደወል፣ መልሱ ባይገኝ እንኳ «ገና አላገኘሁም» ለማለት መደወል፣ በገንዘብ የማይገዛ ስም ያሠራል። በገንዘብ የሚገዛውም የታወቀ ነው፤ ከመግለጫ በኋላ እያስፈረሙ «የትራንስፖርት» የመስጠት ልማድ አለ። በዚያ መንገድ የተገኘ ዜና ለአንድ ቀን ይወጣል። መሥሪያ ቤቱ ቀውስ ውስጥ በገባ ጊዜ ግን «እስቲ የእነሱንም ወገን እንስማ» የሚለው ጋዜጠኛ ቃሉ ታምኖለት የሚያውቀው ነው።

እዚህ ላይ ተቃውሞ ይነሳል፤ ተገቢም ነው። «ይህ ሁሉ ለአፍ ቀላል ነው። የቤት ኪራይ ያለበት፣ የሙከራ ጊዜውን ያልጨረሰ ልጅ እንዴት ብሎ ነው ለዋና ዳይሬክተር መጥፎ ዜና የሚያቀርበው? ደሞዝ የሚከፍለውስ ተቋሙ አይደለም ወይ?» የሚል።

ደሞዙን ተቋሙ መክፈሉ እውነት ነው። ጠበቃንም የሚከፍለው ደንበኛው ነው፤ ጥሩ ጠበቃ ግን ዳኛ ፊት ከመቆሙ በፊት ለደንበኛው «እዚህ ጋ ተሸናፊ ነህ» ብሎ ይነግረዋል። ይህን ያልነገረው ጠበቃ ደንበኛውን አላገለገለም። ሕዝብ ግንኙነትም ለተቋሙ የሚቆመው ወደ ውጭ ከመናገሩ በፊት ወደ ውስጥ በመናገር ነው።

ፍርሃቱንም ማቃለል አይገባም። ጀማሪ አፉን በመክፈቱ ብቻ ወደ መዝገብ ቤት ሊዛወር ይችላል። ስለዚህ አነጋገሩ ራሱ ሙያ ነው። ሰው ፊት የተነገረ እውነት ለአለቃ ስድብ ነው፤ ለብቻቸው የተነገረ ግን ምክር ነው። በወሬ ከመጣ ሐሜት ነው፤ በአንድ ገጽ፣ ከማስረጃና ከመፍትሔ ጋር ከመጣ ሥራ ነው። «ሰው እየተማረረ ነው» ማለት ያስቆጣል። «ሲስተሙ ሦስት ቀን ሆኖታል፤ ስልሳ ያህል ሰው ተመልሷል፤ ዛሬ ከ8 ሰዓት በፊት ምክንያቱንና የሚስተካከልበትን ቀን በር ላይ ብንለጥፍስ?» ማለት ግን አለቃውን ከቀትር በኋላ ከሚመጣ ስልክ ያድናቸዋል። የቅርብ ኃላፊን ዘሎ ማለፍም አያስፈልግም፤ መንገዱን ጠብቆ የሄደ ወረቀት ቢዘገይ እንኳ የሄደበት ቀን ተጽፎበታል።

አንድ መስመር ግን አለ፤ ጀማሪውም በመጀመሪያው ቀን ለራሱ ሊያሰምረው ይገባል። ዝም ማለትና መዋሸት ይለያያሉ። የአገር ደኅንነት፣ የሰው የግል ሕይወት፣ የንግድ ምሥጢር፣ ያላለቀ ምርመራ፤ እነዚህን አለመናገር ይፈቀዳል፤ አንዳንዴም ግዴታ ነው። «ስለዚህ ጉዳይ አሁን መናገር አንችልም» ማለት የሚያሳፍር ነገር የለውም። የሆነውን አልሆነም ብሎ መጻፍ ግን ሌላ ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ እንዲሉ፣ ያ ጽሑፍ ስክሪን ሾት ሆኖ ይቀራል። ያስጻፉት አለቃ ተዛውረው ሲሄዱ የጻፈው ሰው ስም ከጽሑፉ ጋር ይቀራል። ሙያው በስም የሚኖር ሙያ ነውና ጀማሪው ሌላ የሚሸጠው ነገር የለውም።

ኃላፊነቱ ሁሉ በጀማሪው ጫንቃ ላይ አይወድቅም። «ጥሩ የሕዝብ ግንኙነት ሰው አጣን» የሚሉ አለቆች የቀጠሩትን ልጅ የት እንዳስቀመጡት ቢያዩ መልካም ነው። ውሳኔ በሚሰጥበት ስብሰባ ላይ ካሜራ ይዞ የሚገባና ፎቶውን አንስቶ «በቃ፣ ውጣ» የሚባል ሠራተኛ ነገ ስለዚያ ውሳኔ ለሕዝብ ምን ሊያስረዳ ይችላል? በየጠዋቱ አምስት ደቂቃ ሰጥቶ «እረኛው ምን አለ?» ብሎ መጠየቅ በጀት አይጠይቅም። የሚጠይቀው፣ መልሱ ሲመርር መልስ ያመጣውን ልጅ አለመቆጣት ነው። አንዴ የተቆጡት ልጅ ሁለተኛ መጥፎ ዜና አያመጣም፤ ከዚያ በኋላ አለቃው ስለ ራሳቸው መሥሪያ ቤት የሚሰሙት ከሌላ ሰው ነው፣ ሁልጊዜም ዘግይተው ነው።

ከሁለት ዓመት በኋላ ጀማሪው ወይም ጀማሪዋ ሌላ መሥሪያ ቤት ለፈተና ይቀርባሉ። ከጠረጴዛው ማዶ ያሉት ሰዎች «ምን ሠራህ?»፣ «ምን ሠራሽ?» ብለው ይጠይቃሉ። አንዱ የፌስቡክ ገጹን ከፍቶ ፎቶዎቹን ያሳያል። ሌላዋ ደግሞ «ስለ ክፍያ ሰልፉ ቅሬታ እየበዛ መሆኑን ቀድሜ አሳወቅሁ፤ በሳምንቱ መስኮቶቹ አምስት ሆኑ» ትላለች። ሥራውን ያገኘችው ባትሆን እንኳ፣ ሙያው ያላት እሷ ናት።